የተጠረጠሩት የጭቃ በሬዎች

ባለፈው ሰሞን፣ አሁን በምኖርባት በወረታ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ለውሃ ቧንቧ ቦይ ተቆፍሮ ነበር። ማለዳ በሩን ስከፍት የእርጥብ ሸክላ አፈር ሽታ ተቀበለኝ፤ ቀዝቃዛ፣ ትንሽ ብረት ብረት የሚል፣ ውሃ ተኝቶበት የቆየ ሽታ። ጎንበስ ብዬ አንድ ጭብጥ አነሣሁ። ለምን እንዳነሣሁት አላውቅም። በጣቶቼ መካከል ሳሸው ግን ደብረ ታቦር ላይ ነበርኩ፤ ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፍ በከበበው ግቢ ውስጥ፣ በመስኮት ደፍ ላይ ተደርድረው ከሚደርቁ የጭቃ በሬዎች ፊት።

የምነግርህን ሁሉ እንደ ወረደ አትቀበለኝ። ታሪክ ተምሬ ታሪክ ለማስተማር የበቃሁ ሰው ነኝ፤ ሙያዬ ካስተማረኝ ሁሉ የጸናብኝ ግን ምስክርን መጠርጠር ነው፤ ከምስክሮችም አስቀድሞ ራሴን። አንዳንዱ ነገር ያየሁት ነው። አንዳንዱ ደግሞ በኋላ ሳስበው፣ ሳስበው ቅርጽ የያዘልኝ ሊሆን ይችላል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ስደርስበት እነግርሃለሁ፤ ካወቅሁት።

በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ የአፍሪካን ታሪክ ያስተማሩን፣ ከሌላ ክልል የመጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት መምህር ነበሩ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ባዶ ወረቀት አደሉንና አፍሪካን ካርታ ሳታዩ ሣሉ አሉን። ሣልን። ወረቀቶቹን ሰብስበው ካገላበጡ በኋላ አንዱን ወደ እኛ አዙረው ያዙት፤ የእኔ መሆኑን በአባይ ጠማማነት አወቅሁት። ኢትዮጵያ የአህጉሩን ሲሶ ይዛለች፤ ከእርሷ በስተ ምዕራብ ምንም የለም።

«ጎረቤቶቻችሁ የት ሄዱ?» አሉ።

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እኛ ዘንድ አፍሪካ ማለት በኳስ ጨዋታ ጊዜ የምትነሣ፣ ከዚያ ውጭ ግን ከቆላው ማዶ ያለች የሌላ ሰው አገር ነበረች።

በዚያው ዓመት አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከጋምቤላ የስደተኞች መጠለያ ጥቂት የደቡብ ሱዳን ወጣቶችን ወደ ከተማችን አመጣ። ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት አማርኛና ሒሳብ እንዲያጠኑ ታስቦ ነበር። መምህርታችን ፈቃደኛ ተማሪዎች ቅዳሜና እሑድ እየሄዱ እንዲያስጠኗቸው ጠየቁ፤ ከዚያ ልምድ በመነሣትም የኮርሱን የማጠቃለያ ጽሑፍ ማዘጋጀት እንደሚቻል ጨመሩ። ይህ ሁለተኛው ቃል ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ እጅ አስነሣ። በመኝታ ክፍላችን «ቅዳሜ አፍሪካ እንሄዳለን» ማለት ቀልድ ሆነ፤ አንዱ ጓደኛዬማ የባጃጅ ሾፌሩን «አፍሪካ ድረስ ስንት ታስከፍላለህ?» እያለ ያደርቀው ነበር።

ለእኔ የደረሱኝ ወንድምና እህት ነበሩ። ወንድሙ በበሩ ጎንበስ ብሎ የሚገባ፣ ለመናገር የማይቸኩል ወጣት ነው፤ ግቢው ሁሉ «ረጅሙ» ይለው ስለነበር እኔም እንዲሁ ልበለው። እህቱ በሁለት ዓመት ያህል ታንሰዋለች፤ አማርኛውን ከጎረቤት ሴቶች ልጆች ጋር ውሃ ስትቀዳ ለቅማ፣ ከወንድሟ እጅግ ቀድማ ነበር። ብርዱ ገድሏቸው ነበር። ከቆላ መጥተው በዚያ ደጋ ላይ፣ ቀን እንኳ ብርድ ልብስ ደርበው ከፀሐይ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ሲዞሩ ይታዩኛል።

ቤቱን ያከራዩአቸው ባላቸው የሞቱባቸው ሴትዮ ነበሩ። ክፍሎች ከማከራየት ሌላ መተዳደሪያቸው አንዲት ባለ ጥጃ ላም ናት፤ ወተቷን ለሰፈሩ ይሸጣሉ። ጠዋት ስደርስ ከበረቱ የእበትና የትኩስ ወተት ሽታ ይመጣል፤ ሴትዮዋ ግን ገና እግሬን ሳስገባ የወተቱን ዕቃ በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍኑታል። የሚሸፍኑት ከእኔ ነው ወይስ ከእነሱ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

ጽሑፌን ለመጻፍ ረጅሙን እጠይቀው ነበር። አባትህ ምን ይሠሩ ነበር ስለው በመጀመሪያው ሳምንት ዓሣ አጥማጅ ነበሩ አለኝ፤ በሌላ ጊዜ ወታደር ሆኑ፤ ከዚያ ደግሞ በሕይወት እንዳሉ፣ ሌላ መጠለያ ውስጥ እንደሚኖሩ ነገረኝ። የትውልድ መንደሩ አንድ ጊዜ በወንዝ ዳር፣ አንድ ጊዜ ከወንዝ የሁለት ቀን መንገድ ርቃ ትገኛለች። የጻፍኩትን መምህርታችን አንብበው፣ «ይህን ሁሉ የነገረህ አንድ ሰው ነው?» ብለው መለሱልኝ። ተናደድኩ። ሰውየው ማን ነው? ምን ይደብቃል? በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥርጣሬዬን ሳልሸፋፍን አነሣሁበት። ረጅሙ አልተቆጣም።

«አንተ ትጠይቃለህ» አለኝ ቃላቱን አንድ በአንድ እየመረጠ። «ሌላ ሰው ይጽፋል። ከዚያ መኪና ይመጣል።»

«ምን መኪና?»

«አላውቅም። ሁልጊዜ ይመጣል።»

ያን ጊዜ ገባኝ፤ እኔ እሱን የምጠረጥረውን ያህል እሱም እኔን ይጠረጥረኛል። እሱ ግን ከእኔ የተሻለ ምክንያት ነበረው።

ስለ ከብት ሲናገር ብቻ ቃሉ አይለዋወጥም ነበር። በአገሩ ወንድ ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ አባቱ በሬ ይሰጠዋል፤ ልጁም ከዚያ በኋላ በበሬው መልክ ይጠራል፤ ይዘፍንለታል፤ ቀንዱን እንደሚፈልገው እንዲታጠፍ ይገራል። እሱ ያን ዕድሜ የደረሰው መጠለያ ውስጥ ነበር፤ በሬ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ትምህርቱ ሁሉ ቀርቶ የከብት መልክ ስም ስነግረው ዋልኩ፤ ቡሬ፣ ቦራ፣ ዳልቻ፣ ገብስማ። ይፋግ ያለው አባቴ በሬዎቹን በእነዚህ ስሞች እየጠራ፣ ሲያርስ እያሞገሳቸው እንደሚውል ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ጠያቂ፣ እኔ መላሽ ሆንን። አባቴ ለበሬ ምን ብሎ እንደሚዘፍን ጠየቀኝ። አፍሬ ነበር መሰለኝ፤ ግን ዘፈንኩለት። እህቱ ሳቀችብኝ፤ ወንድሟ ግን አልሳቀም።

ጭቃው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከግቢው በታች ካለው ምንጭ ዳር ሸክላ አፈር ቆፍሮ ያመጣል፤ ያቦካል፤ ቀንዳቸው ከአካላቸው የሚበልጥ በሬዎች ይሠራል። በመስኮቱ ደፍ ላይ ይደረድራቸዋል። የከሰዓቱ ፀሐይ ሲያርፍባቸው የቀንዳቸው ጥላ እስከ ግድግዳው ይዘልቃል። በአገሩ ትንንሽ ልጆች የሚጫወቱበት ነገር ነው ብሎኛል። እሱ ግን ትንሽ ልጅ አልነበረም፤ እንደዚያ ሲሠራም የሚጫወት አይመስልም ነበር።

እንግዲህ አንተም የዚህ አገር ሰው ነህ፤ ቀሪውን ሳልነግርህ ትገምተዋለህ። በእኛ ዘንድ ሸክላ የሚሠራና ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው በዓይኑ ይጠረጠራል። ማሰሮውን ገዝተን እንጠቀምበታለን፤ ሠሪው ግን ስንበላ እንዲያየን አንፈልግም። ሴትዮዋ አንድ ቀን በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ።

«ያን ረጅሙን ጭቃ ሲያቦካ አየሁት» አሉኝ። «ወንድ ልጅ ጭቃ ምን ያደርግለታል? ቤት አይመርግበት።»

«መጫወቻ ነው እማማ፤ በሬ ነው የሚሠራው።»

«በሬ መሆኑንማ አይቻለሁ። እኔን ያስፈራኝ በሬ መሆኑ ነው።»

በአገሩ ሰው በሬን ምን ያህል እንደሚወድ፣ በሬ እንደ ወንድም እንደሆነ፣ መምህርታችን ያስተማሩንን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ ይህን ያህል የሚወድማ ከሆነ ዓይኑ ላሜ ላይ ቢያርፍ ምን ይገርማል አሉኝ። ማተብ እንዳላሰረም አስተውለው ነበር። ክርስቲያን ነው፣ የእነሱ ቤተ ክርስቲያን ማተብ አያስርም ብላቸው፣ «አንተ ክርስትናውን አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?» አሉ።

ሳምንት ሳይሞላ ጥጃዋ ታመመች። ተቅማጥ ይዟት እግሯ አልሸከም አላት፤ መጥባት ተወች። የእኛ አገር ላም ደግሞ ታውቃለህ፣ ጥጃዋን በአጠገቧ ካላየች ወተት አታወርድም፤ ጥጃዋ ከሞተች የሴትዮዋ እንጀራም አብሮ ይሞታል። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ መድኃኒት አጠጣት። ሴትዮዋም በበኩላቸው የማላውቀው ሥር አጨሱ፤ ግቢው ዓይን በሚያቃጥል ጭስ ተሞላ። ከዚያ ወንድሙና እህቱ እስከ እሑድ ቤቱን እንዲለቁላቸው አስታወቁ።

የድርጅቱ አስተባባሪ ለቅሬታ ጊዜ የሌለው ሰው ነበር። ሌላ አከራይ ካገኛችሁ እሰየው፤ ካጣችሁ ግን መኪናው እሑድ ወደ ጋምቤላ ስለሚመለስ አብረው ይሄዳሉ አለ። መሄድ ማለት የዓመቱን ትምህርት መጣል፣ ዩኒቨርሲቲውንም መተው ማለት ነበር። ከእህትዬዋ ጋር ቤት ፍለጋ ወጣን። የት የት እንደሄድን አሁን መንገዱ ይምታታብኛል፤ የማይምታታብኝ ጥያቄው ነው። አንዷ ሴት በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «እነዚያ ጭቃ የሚሠሩት ናቸው?» አለችን። ሌላው ክፍሉ ተይዟል አለ፤ በመስኮት ግን ባዶ ነበር። ወሬው ከእኛ ቀድሞ በሩን ሁሉ አንኳኩቶ ነበር። እህትዬዋ በየደጃፉ የተባለውን ሁሉ ሰምታለች።

በማግስቱ ሴትዮዋ አስጠሩኝ። በበረቱ ደጃፍ ኩርሲ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው በአንድ ሌሊት ያረጀ ይመስላል።

«ንገረው» አሉኝ። «ይምጣና እንትፍ ይበልባት።»

የሚሉትን አወቅሁ። በዓይኑ የተጠረጠረ ሰው በታመመው ላይ እንትፍ ካለ ይለቀዋል ይባላል። ወጥመዱም ወዲያው ታየኝ። እንትፍ ብሎ ጥጃዋ ብትድን፣ እሱ ነበር የበላት ማለት ነው። ብትሞት ጨረሳት ነው። እምቢ ቢልም ያው ነው። ይህንኑ በትሕትና ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ እንትፍታው የሚያረጋግጠው አንዳች ነገር እንደሌለ፣ ልጁን ግን ለዘላለም እንደሚያስጠረጥረው።

«ልጄ» አሉኝ፤ «አንተ ትምህርትህን ያዝ፤ እኔ ጥጃዬን ልያዝ።»

ወደ መምህርታችን ሄድኩ። በልጁ አገር ሰዎች ዘንድ የሽማግሌ ምራቅ ምርቃት እንደሆነ አንብቤአለሁ አሉኝ፤ ቀጥለውም፣ «ግን ያነበብኩት ነው። ራሱን ጠይቀው» አሉ። ዓይናቸው ውስጥ አንድ ብርሃን ሲበራ አየሁና እሳቸውንም ጠረጠርኩ፤ የሚያሳስባቸው ልጁ ነው ወይስ ግሩም የሆነው ርእሰ ጉዳይ? ዛሬ እኔ በእሳቸው ወንበር ተቀምጬ ሳለሁ፣ ያ ጥርጣሬ ለእሳቸው ይገባ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

ለረጅሙ ሁሉንም ነገርኩት። ምን እንደተባለ፣ እንትፍ ቢል ምን እንደሚባል፣ ማንም እንደማያስገድደው። እህቱ በቋንቋቸው ብዙ ተናገረች፤ ቁጣዋን ለመረዳት ቋንቋውን ማወቅ አያስፈልግም ነበር። እሱ ሲያዳምጥ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ጥጃዋ ምን አጠፋች?» አለኝ።

ይህን ቃል ስንት ጊዜ ለራሴ እንደደገምኩት አላውቅም። እሱ የተናገረው እንዲህ ተስተካክሎ ነበር ወይስ በተሰባበረ አማርኛ ያለውን እኔ ቀጥቅጬ ያሳመርኩት ነው? የኋለኛው ሳይሆን አይቀርም። ሐሳቡ ግን የእኔ አይደለም፤ እኔ ያን ጊዜ ስለ ወጥመዱ እንጂ ስለ ጥጃዋ አላሰብኩም ነበር።

በረቱ ዝቅ ያለ ነው፤ እሱ ወገቡን አጥፎ ገባ። ከቆርቆሮው ቀዳዳ የሚወርደው ብርሃን እንደ ክር ቀጥ ብሎ ጭድ ላይ ያርፋል። ጥጃዋ በጎኗ ተኝታለች፤ እናቷ ከግድግዳው ባሻገር ትገፈትራለች፤ ትተነፍሳለች። ረጅሙ ተንበረከከ። መዳፉን በግንባሯ ላይ አሳርፎ ዝቅ ባለ ድምፅ ማዜም ጀመረ። ዜማው ረጅም ነበር። ሴትዮዋ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ያማትባሉ፤ የእኔም እጅ፣ ሳላዘው፣ ማተቤ ላይ ነበር። ከዚያ በዝግታ፣ ሰው ሕፃን ላይ እንደሚተነፍስ፣ እንትፍ አለባት። አንድ ጊዜ ነው ብዬ ነበር ሁልጊዜ የማወራው። እህቱ ግን ከበረቱ ስንወጣ ሦስት ጊዜ ነው አለችኝ።

ሲነሣ ፊቱን አየሁት። ሊከሰስ የገባ ሰው ፊት አልነበረም። ከስንት ዓመት በኋላ ጥጃ እንዲነካ የተፈቀደለት ሰው ፊት ነበር።

ጥጃዋ በማግስቱ ቆመች። መድኃኒቱ ይሁን፣ የተጨሰው ሥር ይሁን፣ ምርቃቱ ይሁን፣ እኔ አላውቅም፤ ሰፈሩ ግን ያለ አንዳች ጥርጥር አወቀ። ሴትዮዋ ጠርተውኝ አንድ አዲስ ጋቢ ሰጡኝና ለረጅሙ አድርስለት አሉ፤ እግዜር ይስጠው፣ ጥጃዬን መለሰልኝ። ደስ ብሎኝ፣ እንግዲያውስ ይቆዩ ይሆናላ እማማ ብል፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይዞ የለቀቀ ሰው፣ መያዝ ያውቃል ማለት ነው» አሉ። «እኔ ብቻዬን ነኝ ልጄ።»

ያ ጋቢ ምን ነበር? ምስጋና ነው? አኩርፎ እንዳይሄድ መደለያ ነው? ወይስ ብርድ ሲያንቀጠቅጠው ከርመው አይተው ያዘኑለት? ብዙ ዓመት ከሦስቱ አንዱን ለመምረጥ ደክሜአለሁ። ሦስቱም በአንድ ጋቢ ተሸምነው ሊሆን እንደሚችል ያሰብኩት በቅርቡ ነው።

እሑድ ጠዋት ጉም ነበር። የድርጅቱ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ከመንገዱ ዳር ቆሟል፤ የናፍጣው ሽታ ከባሕር ዛፉ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። አስተባባሪው ዕቃ ያስጭናል። እህትዬዋ አስቀድማ ገብታ ወደ ሌላው ወገን ዞራ ተቀምጣለች፤ ስሰናበታት አንገቷን ብቻ ነቀነቀች። ረጅሙ ጋቢውን ለብሶታል፤ አለባበሱ እንደ እኛ ሽማግሌዎች አይደለም፣ በአንድ ትከሻ ላይ ቋጥሮታል። መኪናው ስለመምጣቱ አስቀድሞ የነገረኝን አስታውሶኝ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምመልስ አላውቅም፤ እሱ ግን አላነሣውም። በመስኮት ጎንበስ ብሎ ስለ ጥጃዋ ጠየቀኝ። ቆማለች አልኩት። መቆሟን አውቃለሁ አለኝ፤ ሊያውቅ የፈለገው ሌላ ነበር።

«ጠባች?»

አላየሁም፤ ሄጄ አያለሁ አልኩት። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

ወደ ግቢው ተመለስኩ። ሴትዮዋ ላሚቱንና ጥጃዋን ወደ ደጅ አውጥተው በጉሙ ውስጥ ቆመዋል። ሰላምታ ሰጠሁ። አጸፋውን መለሱልኝ፤ ድምፃቸውም እንደ ወትሮው ነበር። ነገር ግን ወደ ጥጃዋ ስጠጋ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ በጥጃዋ ራስ ላይ ጣል አደረጉት። ከወንድሙና ከእህቱ ጋር ስገባ፣ ከእነሱ ጋር ስወጣ፣ ጭቃቸውን ስነካ አይተውኛል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚሸፈንብኝ እኔ ነበርኩ።

ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ያህል ሸሸሁና ቆምኩ። የጥጃዋ ፊት አይታይም። ከነጠላው ሥር ግን ድምፅ መጣ፤ እርጥብ፣ ችኩል፣ እየቆመ እንደገና የሚጀምር። ላሚቱ ዓይኗን ጨፍና እግሯን ከፈት አደረገች። ወደ መንገዱ ዞር አልኩ፤ መኪናው ወደ ወረታ ቁልቁለት ገብቶ፣ የሞተሩ ድምፅ እንኳ አይሰማም ነበር።